ከሊሾው ሥር የቀረው ክዳን

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኔ ቤት ወደ መርሳ ስትመጣ ያዘጋጀሁላት ክፍል ከቤታችን ሁሉ የሚሻለው ነበር። መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ያስገባል፣ የአስፋልቱ የመኪና ጩኸት አይደርስበትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩን ከፈት ስታደርግ ሽንት ቤቱና ሻወሩ እዚያው ነው። እኔ እሷን ወልጄ በተኛሁ ጊዜ ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ ስለነበር፣ በዝናብ ጋቢ ተከናንቤ፣ ጅን እንዳይለክፈኝ ቢላዋ ጨብጬ እወጣ ነበር። ልጄ ይህን አታይም ብዬ ባለቤቴን ስንት ጊዜ ጨቅጭቄው ነው ሽንት ቤቱ ወደ ቤት የገባው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር በሩን ከፍቼ ሳሳይ ኩራቴ አይጣል ነበር።

የዚህ ሁሉ ፍሳሽ የሚሄደው ግቢያችን መሐል ወዳለው ሴፕቲክ ነው። በእኛ ሰፈር ፍሳሽ የሚቀበል የጋራ መስመር ስለሌለ ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያስገነባል፣ በሲሚንቶ ክዳን ይዘጋል፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ከወልድያ ያስጠራል። የእኛ ክዳን ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ የብረት ጆሮ ያለው ነበር። ልጄ የተዳረች ጊዜ ግን ዳሱ የሚጣለው ልክ እዚያ ላይ ሆነና፣ ሰው እየበላ ይህን እንዴት ያያል ተባለ። ማን እንዳለው ዛሬ ብጠይቅ እኔ ነኝ የሚል የለም። ባለቤቴ ግንበኛ ጠርቶ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አስደረገው፤ ክዳኑም ከነጆሮው ከሲሚንቶው ሥር ቀረ። ምልክት ይደረግበት ያለ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ቦታውን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ ይል ነበር፤ እኛም አመንነው።

ሊሾ ከሆነ በኋላ የዝናቡን ውሃ የሚጠጣ አፈር አልተረፈም። ግንበኛው ለዚህም መላ አላጣም፤ ከግቢው ዝቅ ካለው ጎን አንድ ቀዳዳ አበጀና የዝናቡን ውሃ ከቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ጋር ቀላቀለው። ሠርጉ በጥር ስለነበር ማንም ስለ ዝናብ አላሰበም። ግቢው አምሮ፣ ሰው ጨፍሮ፣ ሙሽራዋ ተሸኝታ ሄደች።

ያች ሙሽራ ናት እንግዲህ በሁለተኛው ክረምት ምጥ የጠናባት። ወልድያ ወስደናት በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ወንድ ነው፤ ከጊዜው ቀደም ብሎ ስለመጣ ጨርቁን እንጂ ልጅ የታቀፍኩ አይመስለኝም ነበር። ሐኪሟ ስትሸኘን የነገረችን አጭር ነው፤ ቁስሉን እርጥበት አይንካው፣ የሚነካት እጅም የምትተኛበት ቤትም ንጹሕ ይሁን፣ ካመረቀዘ እንደገና መከፈቱ ነው። ይህን ስትል ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቴ ዘበኛ ሆንኩ፤ እጁን ሳይታጠብ የመጣውን ዘመድ ሳይቀር ከበር መለስኩ። ምን ያለች ክፉ ናት ተብዬ ታማሁ። እኔም ይታማ አልኩ።

ከእኔ የባሱ ጠባቂ ግን የባለቤቴ እናት ነበሩ። ልጁን ለማየት ከግራና ወንዝ ማዶ ካለው ቀያቸው መጥተው ከአራሷ አልጋ ግርጌ ፍራሽ አስነጥፈው ተቀመጡ። አራስ አርባዋ ሳይወጣ ደጃፍ አትረግጥም የሚለውን ነገር ሌላው ሰው ለወግ ያህል ይለዋል፤ እሳቸው ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ምክንያቱን የነገረኝ ባለቤቴ ነው። በድሮ ጊዜ አንዲት ሴት ልጃቸው አራስ ሆና ሳለ ቤቱ አፈሰሰና፣ ወደ ዘመድ ቤት ይዘዋት ሲወጡ በመንገድ ዝናብ መታት። ብርድ ብርድ አላት፣ ትኩሳት ያዛት፣ ሳትሰነብት ሞተች። እሳቸው ስለዚህች ልጅ እስከዚያ ጊዜ አንድ ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም፤ ስሟንም ከባለቤቴ ነው ያወቅኩት።

በሰባተኛው ቀን ለልጁ የሚታረደው አቂቃ ወጣ፤ በጉ ታረደ፣ ሰፈሩ ተጠራ። ውጭ ስለሚያካፋ ጨጓራና አንጀት የሚያጥቡት ሴቶች ፈርሱን ግቢው ላይ መድፋት አልፈለጉም፤ ይህን የመሰለ ሊሾ አይበላሽም አሉ። ስለዚህ ፈርሱንም፣ ሞራ የያዘውን የሙቅ ውሃ እጣቢም፣ የድስቱንም ዝቃጭ ወደ ሽንት ቤቱ ላኩት። ምን ያለ ሽንት ቤት ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል ብለው አመሰገኑልኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በነጋታው ጠዋት ሽንት ቤቱ መለሰው። መጀመሪያ የሰማሁት ከሻወሩ ቀዳዳ የሚመጣ የመንተክተክ ድምፅ ነው፤ ሽሮ ድስት ላይ ሲፈላ እንደሚለው ያለ። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ስንለቅ በሻወሩ ቀዳዳ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ባለቤቴ ሽቦ ከተተ፣ የፈላ ውሃ ደፋ፣ ኦሞ ጨመረ። እያንዳንዱ መላ ውሃውን ጨመረው እንጂ አላጎደለውም። ከቆጣሪው ላይ ውሃውን ዘጋሁና ማንም እጁን እንኳ እንዳይታጠብ ከለከልኩ፤ ያ ለንጽሕና ሰው ሲያባርር የሰነበተ አፌ። ትንሽ ረጋ አለ። እፎይ ልል ስል ዝናቡ ጣለ።

ውሃ ዘግተን ፍሳሹ ለምን እንደሚጨምር ለጊዜው አልገባንም። ወደ ግቢው ብመለከት ሊሾው ላይ የወረደው ዝናብ በሙሉ ተሰብስቦ ወደዚያች የግንበኛው ቀዳዳ ይሮጣል። ቀዳዳዋን በጆንያና በጭቃ ደፈንናት፤ ግን ሴፕቲኩ አስቀድሞ ሞልቶ፣ ቱቦውም በፈርስና በሞራ ታፍኖ ነበር። ጥቁሩ ውሃ የሽንት ቤቱን ደፍ አልፎ በአገናኙ ኮሪደር በኩል መጣ። በአንድ በኩል ወደ ሳሎን፣ በአንድ በኩል ወደ ልጄ በር። አመድ በጆንያ ሞልተን ደፏ ላይ ደረደርን። አመዱን ያመጣችው የታችኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ልጆቻችን ከአንድ ትሪ በልተው ያደጉ። ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ምንም ሳትጠይቅ መጥረግ ጀመረች።

ወደ ወልድያ ስንደውል መጣጭ መኪናው ሌላ ቦታ ነው፣ ቢደርስ ነገ ነው፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ጠብቁ ተባልን። ክዳኑን። ባለቤቴ ዲጂኖ ይዞ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኘው ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ግቢውን ይዞር ጀመር። እዚህ ነው ብሎ ሰበረ፤ አፈር ነው። አይ፣ ከማድ ቤቱ ትይዩ ነው ብሎ ሰበረ፤ ድንጋይ ነው። ዝናቡ እየወረደበት ሦስተኛውን ሲጀምር፣ ዓይንህን ለምን አትጨፍንም አልኩት። ዲጂኖውን እንደገና አነሣ። ተጸጽቼ አፌን ያዝኩ፤ ልጅቷ የእሱም ልጅ ናት።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። ልጄ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ የበሩን ሥር ታያለች። ከጆንያዎቹ መሐል አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወደ አልጋዋ እግር መጥቷል። የባለቤቴ እናት ፍራሻቸውን አጥፈው፣ ነጃሳ ያልነካው ቦታ ጠፍቶባቸው፣ ሰላታቸውን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰግደው ኖሯል። ልጅቷን ወደ ጎረቤቴ ቤት እንውሰዳት አልኳቸው። ቁስሏን አስታወስኳቸው፣ የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው፣ ከወልድያ ስትመጣስ በመኪና በደጅ አይደለም ወይ የመጣችው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ቀና ብለው አዩኝ። "ዝናቡን አይተሽዋል?" አሉኝ። "እኔ በዝናብ አራስ ይዤ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ አልወጣም።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እሳቸውን ትቼ ልጄን ጎትቼ ላወጣት እችል ነበር፤ ልጄ ግን ዓይኗ ከእሳቸው ላይ አልተነሣም። ወጥታ ብትታመም በእኔ ላይ፣ ቀርታ ብትሞት በእሳቸው ላይ እንዳይሆን የምትመዝን ትመስል ነበር። ተናድጄ ወጣሁ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ማድ ቤት ስገባ ሙቀጫው ከነዘነዘናው ጥግ ላይ ቆሟል። ውጭ የባለቤቴ ዲጂኖ ሊሾውን ሲመታ ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ያን ጊዜ ነው የሠርጉ በርበሬ ትዝ ያለኝ። ሊሾው በደረቀ ሰሞን ሴቶቹ ተሰብስበው በርበሬ ሲወቅጡ አንዷ ሙቀጫውን ወደ አንድ ቦታ ሳብ አደረገችውና ምድሩ እንደ ከበሮ ጮኸ። ኧረ እዚህ ጋ እንዴት ያምራል ብለን ሁላችንም ወደዚያ ተሰባሰብን። በርበሬው እስኪያልቅ በዚያ ድምፅ እየዘፈንን ወቀጥን፤ ጎረቤቴም ወገቧን ይዛ ጨፈረችበት። ከሥሩ ባዶ ባይሆን ለምን ይጮኻል ብሎ የጠየቀ የለም። ጉድጓዱ አለሁ እያለ እኛ እናጨበጭብለት ነበር።

ዘነዘናውን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ሊሾውን ከዳር ጀምሬ እየወቀጥኩ ጆሮዬን አቆምኩ። ባለቤቴ አበደች ብሎ ይሁን እንጃ ዲጂኖውን ጥሎ አየኝ። ድፍን፣ ድፍን፣ ድፍን። ሠርጉ ላይ የወንድ ቤት ሰዎች ከተቀመጡበት አጥር ትይዩ ስደርስ ድምፁ ሰፋ አለ፤ እንደያኔው አይዘፍንም፣ ጉድጓዱ ሞልቷልና፣ ግን ከሌላው ይለያል። እዚህ ነው አልኩ። ጎረቤቴ ከበሩ ሆና አዎን፣ እዚያ ነበርን አለች፤ ለካ እሷም ገብቷታል።

ሊሾው ተሰብሮ የክዳኑ የብረት ጆሮ ብቅ ሲል ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ክዳኑ ሲነሣ ከውስጥ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ ገፋን። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከላዩ የበጉ ሞራ ረግቶ ነጭ ቆዳ ሠርቷል፣ የቤቱ ቱቦ የሚገባበት አፍ ላይ ፈርሱ ተከምሯል። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጉድጓዱ ዳር ቆንጠጥ ብዬ ፈርሱን በእጄ ልሳበው ነው የሚለው። ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩት። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሊያጸዳ ገብቶ ጋዙ አፍኖት የቀረ፣ እሱን ላውጣ ብሎ ወንድሙም የተከተለ ሰው ወሬ በአገራችን ያልሰማ የለም። "ልጅቷ ዛሬ አባት ትቀብራለች ወይ?" አልኩት። ያን ጊዜ እግሩን አወጣ። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አመጣንና ራቅ ብለን ቆመን ፈርሱን ገፋነው። ቱቦው አገሳ፤ አገናኙ ላይ የነበረው ውሃ ትንሽ ሸሸ።

ሽታው ግን አሁን ከታችም ከደጅም ቤቱን ሞላው። ሕፃኑ ማስነጠስ ጀመረ፣ ከዚያ የጠባውን መለሰ፣ ከዚያ ማልቀስ አቃተው። ያ ዝምታ ነው ሁላችንንም ያስደነገጠን። የክፍሉ በር ተከፈተና የባለቤቴ እናት ቆመው ታዩ። ፊታቸው ሌላ ሰው መስሏል።

"አልጋውን ከነሷ አንሡት" አሉ። "እግሯ ግን መሬት አይንካ።"

የሰፈሩን ወንድ ለመጥራት ጊዜ አልነበረም፤ ባለቤቴ፣ ለአቂቃው መጥቶ ሳሎኑን ሲጠርግ የዋለው የልጄ ባል፣ እኔና ጎረቤቴ አራቱን እግር ያዝን። ሕፃኑን ቅድመ አያቱ በጉያቸው ወሸቁት። ልጄን ዝናብ እንዳይነካት ከእግር እስከ ራሷ በጋቢ፣ ከላይ በላስቲክ ሸፈንናት። የባለቤቴ እናት ከፊት ከፊት እየሄዱ ቁርኣን ይቀራሉ። እኔ የማስበው እንዳንጥላት ብቻ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምን እንደምንመስል አላሰብኩም።

ከግቢያችን በር ስንወጣ ከማዶ ያለች አንዲት ሴት ከደጇ ላይ አየችን። የተሸፈነ ሰው፣ ሸክም፣ ከፊት የምትቀራ አሮጊት፣ አራስ ካለችበት ቤት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። እሷን የሰማች ሌላዋ ጮኸች፤ መንደሩ ውስጥ ዋይታው ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ምን ሆናችሁ ብልም ዋይታው ድምፄን ዋጠው። ልጄን በእጄ ይዤ፣ ክብደቷ እየተሰማኝ፣ ለልጄ ሲለቀስ ሰማሁ። እውነት መሰለኝ። ከጋቢው ሥር የነበረችው ልጄ ሞታ እኔ ብቻ ያላወቅኩ መሰለኝና የያዝኩት እግር ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። የአልጋው አንድ ጎን ዘቀጠ። የባለቤቴ እናት ዞሩ፤ ፊታቸው ደም የለውም፣ ቁርኣኑን መቅራት አቁመዋል።

ከላስቲኩ ሥር ጋቢው ተንቀሳቀሰ። አንድ እጅ ወጥቶ የእኔን እጅ ፈለገ።

"እማ፣ አለሁ" አለችኝ። "አብሽሪ፣ አትጣሉኝ።"

ያለቀሱት ሴቶች ሲደርሱ አልጋውን ከእጃችን ተቀበሉን፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ ተሸክመው ወደ ጎረቤቴ ቤት አስገቧት። ጎረቤቴ የራሷን ክፍል ለቀቀች። ለባለቤቴ እናት መስገጃ እንዲሆን ያልተነጠፈ አዲስ አንሶላ ከሳጥን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችና፣ ቂብላው ወደዚያ ነው ብላ በእጇ አሳየች። ስንት ዓመት እኛ ስንሰግድ አይታ ታውቀዋለች። ልጁ ጠብቶ ተኛ። የልጄን ቁስል እጄን ሦስቴ ታጥቤ ገልጬ አየሁት፤ ደረቅ ነበር።

መኪናው በነጋታው መጥቶ ጉድጓዱን መጠጠ፤ የመኪናው ሰዎች የተከመረውን ፈርስ አይተው ማን ታረደ ብለው ቀለዱ። ባለቤቴ የዝናቡን ቀዳዳ ከፍሳሹ ለይቶ ወደ ቦዩ አወጣው። ክዳኑን ከሊሾው ከፍ አድርጎ አዲስ አሠራው፤ አስቀያሚ ነው፣ ይታይ ብያለሁ። ዛሬ የማንም ድግስ ላይ ስገኝ ፈርሱና የሞራው እጣቢ የሚደፋበትን ቆሜ አያለሁ፣ ክረምት ሳይገባ ክዳናችሁን ክፈቱ እያልኩ ሰው አሰለቻለሁ። ስሜ የክዳን ጠባቂ ሆኗል አሉ። ይሁን።

የባለቤቴ እናት አራስ ሁለት ጊዜ አይነሣም ስላሉ ልጄ አርባዋ እስኪወጣ ከጎረቤቴ ቤት አልወጣችም። ያ ሁሉ ጠያቂ፣ ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ ጩኸት እዚያ ሆነ፤ ጎረቤቴ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። በአርባኛው ቀን ልጄ ታጥባ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጇን ይዛ በእግሯ ወደ ቤታችን መጣች። መጀመሪያ ያለቀሰችው የማዶዋ ሴት ከሁሉ ቀድማ እልል አለች፤ እልልታዋ መሐል ላይ ተሰበረና ሌሎቹ ተቀበሏት።

የባለቤቴ እናት ግቢው ውስጥ ከክዳኑ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወደ ልጁም ወደ ልጄ ፊትም አላዩም፤ ያዩት እግሯን ነው። ሊሾውን እየረገጠ፣ ክዳኑን ዞር ብሎ ወደ እሳቸው እስኪደርስ ድረስ ተከታተሉት። ከዚያ ለማንም ሳይሉ፣ ቀስ ብለው፣

"ይችኛዋ በእግሯ ተመለሰች" አሉ።

ስለ ሟቿ ልጃቸው ሲናገሩ ከዚያ የዝናብ ቀን ሌላ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።